ሁለት ብሎ የሚጀምር ቃል

ይድረስ ለጎንደር ወገኖቼ፤

የምጽፍላችሁ ከእስራኤል፣ ከአፉላ ከተማ ነው። ጎረቤት ከተማችን ናዝሬት ናት፤ አዳማን በዘመኑ «ናዝሬት» ያሰኘቻት ያችው የመጽሐፍ ቅዱሷ ናዝሬት።

እዚህ በዕብራይስጥ «ዱ ኪዩም» የሚሉት ቃል አለ። «ዱ» ሁለት፣ «ኪዩም» መኖር ነው። አይሁድና አረብ በሰላም ይኑሩ ለማለት በስብሰባና በትምህርት ቤት ይነገራል። ደረጃ ላይ ሁለት ጎረቤታሞች ቆመው ሲጫወቱ ግን አንድ ቀን እንኳ ሰምቼው አላውቅም። የእኛ «አብሮ» አይቆጥርም። አብሮ አደግ ስንል ስንት እንደሆኑ፣ ከየት እንደመጡ ማን ይጠይቃል? ሁለት ብሎ የሚጀምር ቃል ግን ገና ከአፍ ሲወጣ መሐል ላይ ያሰምራል።

እንደ ፈረንጆቹ በ2018 አፉላ ውስጥ አንድ ቤት ለአረብ ቤተሰብ ተሸጠ ተብሎ ሰልፍ ተወጣ። እኔን ያንገበገበኝ ሌላዋ የእስራኤል ከተማ ኪርያት ማላኺ ትዝ ስላለችኝ ነው። በ2012 እዚያ አንዳንድ ነዋሪዎች ለኢትዮጵያውያን ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት ተስማምተዋል ሲባል፣ የእኛ ሰው አደባባይ ወጥቶ ጮኋል። ያኔ የጮኽን ሰዎች በ2018 ዝም ማለታችን ዛሬም ያሳፍረኛል።

የአገራችንንም ጉርብትና ማር ብቻ አድርጌ አላወራላችሁም። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ጀበናውን መሬት ላይ ታስቀምጣለች፤ ክርስቲያኗ ጎረቤታችን ከመሬት ታነሳለች፤ እጅ ለእጅ አይቀባበሉም። የእኛ የቤተ እስራኤሎች የንጽሕና ሥርዓት ነበር። «ቡዳ» የሚለውን ስድብ ግን እኛ አላወጣነውም፤ አባቶቻችን የሰው ርስት እያረሱ ማረሻ ሲቀጠቅጡ የኖሩትም ወደው አልነበረም። ይህ ሁሉ እያለ እናቴ የታመመች ለት በር ላይ ቁጭ ብላ ያደረችው ያችው ጎረቤታችን ናት። ሥርዓቱን አክብራ ወደ ውስጥ አልገባችም፤ ወደ ቤቷም አልሄደች። ለዚያ ሌሊት ስም አልነበረንም፤ ደግሞም አላስፈለገንም።

አሁን በቴሌቪዥን ስከታተላችሁ «አብሮነት»፣ «አብሮ የመኖር እሴት» ሲባል በየቀኑ እሰማለሁ። ልቤ ይፈራል። ይህን ያህል ከመድረክ የሚጠራው ከየደጁ ስለጠፋ ይሆን እላለሁ። እባካችሁ፣ ቃሉን ለመድረክ ብቻ አትተዉት። በዚህ ወሬ መሐል ቡና መጠራራት ከቀረ፣ ልጅ ልኮ እሳት መጫር ከቀረ፣ ለሐዘን የሚሄደው ሰው የማን ወገን እንደሆነ ከተጠየቀ፣ የእናንተም «አብሮ» መቁጠር ጀመረ ማለት ነው።

ባለፈው ክረምት እናቴ እዚህ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ዕብራይስጧ ጥቂት ነው። ሌሊት ተረኛዋ አረብ ነርስ «አይዞሽ» ማለትን ከእኔ ተምራ፣ መርፌ በወጋቻት ቁጥር ትላት ነበር። እናቴም እጇን ይዛ አልለቅም አለች፤ ከመሬት ላይ ስታቀብል የኖረችው እናቴ።

ግንቦት 16 ቀን 1983 ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንወጣ ሻንጣ እንኳ አልያዝንም። ከመንደር ስንነሳ ደግሞ እናቴ ትልቁን ምጣዷን ለዚያች ጎረቤታችን ትታላት ነበር። ከልጆቿ ይህን የሚያነብ ካለ፣ ምጣዱ ተሰብሮ እንደሆነም ቢሆን ይጻፍልኝ። እናቴ በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች።