የላብራቶሪው ቁልፍ የማን ነው?

የሆሳዕና መናኸሪያ ሁለት ዓይነት ወጣት ይሸኛል። አንዱ ፍራሹንና ሻንጣውን ጣራ ላይ አስጭኖ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ሌላው መድረሻውን ጮክ ብሎ አይናገርም፤ ሐሳቡ ደቡብ አፍሪካ ነው። ስለ ሁለተኛው ብዙ ተብሏል። እኔ የሚያሳስበኝ ዲግሪውን ጨብጦ ተመልሶ፣ ሥራ ሲያጣ ሁለተኛውን የሚሆነው የመጀመሪያው ነው።

በየግቢው ያሉ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎችን ስለ ፍሉይድ ሜካኒክስ ጠይቁ። ቀመሩን ሸምድደው፣ ፈተና ላይ ዘርግፈው ረስተውታል። ላብራቶሪ ማለት ለብዙዎቹ አንዱ ቫልቭ ሲከፍት አሥሩ ከኋላ አንገት የሚያሰግጉበት፣ ሪፖርቱም ካምናው ባች የሚገለበጥበት ክፍል ነው። ምርምርማ የማስተርስና የፒኤችዲ ሰዎች ጉዳይ ነው ይባላሉ።

አልስማማም! ጋዜጠኝነት ያጠናች ልጅ ስለ ፈሳሽ ምን አገባት ለሚለኝ፣ የእኛም ሙያ ስቱዲዮ ተገብቶ እንጂ በሃንድአውት አይለመድም እለዋለሁ።

ለመሆኑ ምርምር ምን ይጠይቃል? ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1883 እ.ኤ.አ. ማንቸስተር ላይ በመስታወት ቱቦ በሚፈስ ውኃ መሃል ቀጭን የቀለም መስመር ለቀቀ። ውኃው ዝግ ሲል ቀለሙ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ተረባብሾ ከውኃው ተቀላቀለ። ተማሪው ሁሉ የሚሸመድደው የሬይኖልድስ ቁጥር ስሙን ያገኘው ከዚህ ሰው ነው። ቱቦ፣ ውኃ፣ ቀለም፤ በቃ። ኮምፒውተር ላለው ደግሞ የፈሳሽ ፍሰት የሚያሰላው ኦፕንፎም ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ይገኛል።

ጥያቄውም ከደጃችን ነው። ከምዕራብ ሐዲያ ማሳዎች ክረምት በመጣ ቁጥር የሚታጠበው አፈር ወደ ኦሞ ይወርዳል። ታች በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 243 ሜትር ከፍታ ያለው ጊቤ ሦስት ግድብ አለ። ደለሉ ምን ያህል ነው? የት ይተኛል? ፍጥነቱን ምን ያበርደዋል? ይህን ከሐዲያና ከከምባታ ልጅ የበለጠ ማን ይጠይቅ? በሶዶ በኩል ወረድ ሲሉ ደግሞ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ አለ።

ላብራቶሪ የገባ ሁሉ ሥራ ያገኛል አልልም። በገዛ እጁ ለክቶ፣ ተሳስቶ፣ ደግሞ የለካ ልጅ ግን ከኮፒ ቤት የመመረቂያ ጽሑፍ ገዝቶ ከወጣው ጋር እኩል ባዶ እጁን አይቆምም።

ስለዚህ ወዳጄ፣ የመጨረሻውን ዓመት አትጠብቅ። ሦስተኛ ዓመት ላይ አንድ ጥያቄ ይዘህ የመምህርህን ቢሮ አንኳኳ። ገንዳ ማጠብም ቢሆን፣ ንባብ መመዝገብም ቢሆን እሺ በል። እናንተም መምህራን፣ በየምርምራችሁ ለሁለት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ቦታ ስጡ። መሣሪያ ቢሰበር ይጠገናል። ተቆልፎበት የሚያረጅ መሣሪያ ግን ለማንም አልተገዛም።