ነስር ሲያጋጥም ቀና ሳይሆን ጎንበስ

አንድ ልጅ ሲነስረው በዙሪያው ያለ ሰው ሁሉ «ቀና በል!» ይለዋል። ይህ ልማድ ሊታረም ይገባል።

አፍንጫን ለሁለት በሚከፍለው ግድግዳ የፊተኛው ክፍል ላይ ከውስጠኛውና ከውጨኛው የአንገት ደም ቅዳ የሚመጡ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይገናኛሉ። ሥሮቹ የምንስበውን አየር ያሞቃሉ። የሚሸፍናቸው ስስ ቆዳ ግን በበጋው ደረቅ አየር፣ በጉንፋን ወይም በጣት ሲነካካ በቀላሉ ይቆስላል። ከ10 ነስሮች 9 ያህሉ የሚነሱት ከዚሁ ስፍራ ነው። ስፍራው ቅርብ በመሆኑም በጣት ተጭኖ ደሙን ማስቆም ይቻላል።

የነሰረው ሰው ተቀምጦ ወደ ፊት ጎንበስ ይበል። ከአጥንቱ በታች ያለውን ለስላሳ የአፍንጫ ክፍል በሁለት ጣት ጨምቆ፣ በአፉ እየተነፈሰ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይለቅ ይቆይ። ቀና ማለት ደሙን ወደ ጉሮሮ ይመልሰዋል እንጂ አያቆመውም፤ የተዋጠ ደም ያስመልሳል፤ የፈሰሰውንም መጠን ይደብቃል።

ደሙ እስከ 30 ደቂቃ ካልቆመ፣ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ ከመጣ ወይም ሰውየው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ወላጆችና መምህራን ይህንን አውቀው ለልጆች ሊያስተምሩ ይገባል።