ኮዱ በማን ስልክ መጣ?

የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ሳሉጉ፣ ማለትም ወቅታዊው የቀን ሠራተኛ፣ ከደጋው ወደ መተማ ቆላ ይወርዳል፤ ከበለሳ፣ ከደምቢያ፣ ከጎጃም። የቀኑ ሥራ ካለቀ በኋላ በዚያው በሽንፋ ከተማ ሰው የሚበዛው ሞባይል ቤት ደጃፍ ነው። አንዱ አዲስ የገዛውን ስልክ ዘርግቶ «ኢሜይል አውጣልኝ» ይላል፤ ፕሌይ ስቶር ያለ ጉግል አካውንት ምንም አያወርድምና። ባለ ሱቁ ወጣት ስልኩን ይቀበላል። ስም ይጽፋል፣ የልደት ቀን በግምት ይሞላል፣ ፓስዎርድ ከራሱ ያወጣል። ስልክ ቁጥር ሲጠየቅ ደግሞ የራሱን ያስገባል፤ ኮዱ እጁ ላይ ቶሎ እንዲደርስለት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ደንበኛው ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል፤ ኢሜይሉ ምን እንደሚባል ግን አያውቅም።

ወጣቱ ክፋት አስቦ አይደለም፤ ወረፋው ረዝሞበት ነው። ነገር ግን ያ አካውንት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሌላ ሰው ሆኗል፤ ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው ስልኩ የጠፋ ወይም የተሰበረ ዕለት ነው።

ጉዳቱ ይበልጥ የሚያንገበግበው የአሜሪካው ዲቪ ሎተሪ ላይ ሲደርስ ነው። የዲቪ 2026 ምዝገባ የተካሄደው ከመስከረም 22 እስከ ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር፤ ሳሉጉ ሰሊጥ በሚያጭድበትና ኪሱ ገንዘብ በሚያይበት ወቅት ማለት ነው። ፎርሙንም የሚሞላለት ያው ባለ ሱቅ ነው፤ ፎርሙ ኢሜይል ይጠይቃል። ተሞልቶ ሲላክ የማረጋገጫ ቁጥር ይወጣል፤ ዕጣው የሚታየውም በዚያ ቁጥር ነው። ውጤቱ ሚያዝያ 25 ቀን ወጣ። ቁጥሩ የጠፋበት አመልካች በድረ ገጹ መልሶ ሊያገኘው ይችላል፤ የሚጠየቀው ስሙ፣ የልደት ቀኑና ፎርሙ ላይ የሰፈረው ኢሜይል ነው። እንግዲህ ሚያዝያ ላይ ሳሉጉ በለሳ ነው፣ ኢሜይሉ ሽንፋ ነው፣ የልደት ቀኑም ባለ ሱቁ የገመተው ነው። ምዝገባው ሳይዘጋ ሌላ ፎርም ልሙላ ቢልም ያንኑ ያለውን ዕድል ያጣል፤ በአንድ ዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ያመለከተ ሰው ይሰረዛልና። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በመመሪያው፣ ሌላ ሰው የሚሞላለት አመልካች አብሮ ተገኝቶ መልሱን ራሱ እንዲሰጥና የማረጋገጫ ቁጥሩን ራሱ እንዲይዝ ይመክራል። ሽንፋ ላይ ይህን ምክር ለሳሉጉ የሚነግረው ከባለ ሱቁ በቀር ማን አለ?

ሲም ካርድ ቢጠፋ መላ አለው። ባለቤቱ መታወቂያውን ይዞ ኢትዮ ቴሌኮም ይሄዳል፤ ሠራተኛዋ ፊቱን ከፎቶው ጋር አስተያይታ ያንኑ ቁጥር መልሳ ታወጣለታለች። ጂሜይል ግን እንዲህ ያለ መስኮት የለውም። ሽንፋም ጎንደርም አዲስ አበባም ሄዶ «የእኔ ነው» የሚባልበት ቦታ አይገኝም። ጉግል ሰውን በዋናነት የሚለየው በተመዘገበው ስልክና በመጠባበቂያው ኢሜይል ነው። እነዚህ ተቀይረው እንኳ እስከ ሰባት ቀን ድረስ የማረጋገጫ ኮድ በቀድሞው ቁጥር ሊላክ ይችላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ አካውንት ደግሞ ሊሰረዝ ይችላል።

ድንበሩም የራሱን ችግር ይጨምራል። በመተማ ዮሐንስና በሱዳኗ ጋላባት መካከል የሚመላለስ ነጋዴ የሁለቱን አገር ሲም በአንድ ስልክ ይይዛል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲፈነዳ በመተማ በኩል ብዙ ሺህ ሰው ገባ፤ ከሱዳናውያኑ ጋር እዚያ ለዓመታት ሠርተው የኖሩ ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። በ249 በሚጀምር ቁጥር አካውንት የከፈተ ሰው ኮዱን የሚጠብቀው ከዚያው ከሱዳን ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በሱዳን የዘይን፣ የኤምቲኤንና የሱዳኒ መስመሮች ተቋረጡ። በወዲህኛውም ወገን ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር፤ ኮዱ በኢሜይል የሚመጣለት ሰው በምን ይክፈተው?

መላውን ከዚያው ከሽንፋ ወንዝ መማር ይቻላል። ስለ ወንዙ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር። ሽንፋ መተማ 1 በተባለው ቦታ የዛሬ 74 ሺህ ዓመት ገደማ፣ የሱማትራው ቶባ እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ዘመን፣ ሰዎች ይኖሩ ነበር። በጋ ሲበረታ ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ይሆናል፤ እነሱም ዓሣውን ያጠምዱና ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ኩሬ ይሻገሩ ነበር ይላሉ አጥኚዎቹ። የመግቢያ ኢሜይልን ወይም ስልክን የመቀየሪያውም ጊዜ ይኸው ነው፤ አሮጌው ገና ሳይደርቅ። አዲሱ ይጨመራል፣ ኮዱ ይመጣል፣ በአዲሱ ገብቶ ይሞከራል፣ አሮጌው የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። ፌስቡክ ሁለተኛ ኢሜይል መጨመር ይፈቅዳል። ቴሌግራምም ንግግሩና ግሩፑ ሳይጠፋ ቁጥር መቀየር ያስችላል፤ አካውንቱ ክፍት እያለ እንጂ ከተዘጋ በኋላ አይደለም።

ሸክሙን ሁሉ ሳሉጉ ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። የዲጂታል መታወቂያው ፋይዳ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕግ ሆኗል፤ ሰዉም የጣቱን አሻራ፣ የዓይኑን ብሌንና የፊቱን ምስል ሰጥቶ ተመዝግቧል። ይህን ያህል የሰጠ ሰው ኢሜይሉ ወይም ስልኩ ሲቀየርበት በማንኛውም ባንክና መሥሪያ ቤት መስኮት ቀርቦ በአሻራው ሊያስለውጥ ይገባዋል። «በድሮው ቁጥር የተላከውን ኮድ ያስገቡ» ተብሎ መመለስ የለበትም፤ የመጣውኮ ቁጥሩ ስለጠፋበት ነው።

ሞባይል ቤቱም የሚጠበቅበት ብዙ አይደለም። ቁጥር ሲጠየቅ የደንበኛውን ያስገባ። ኢሜይሉንና ፓስዎርዱን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይስጠው። ከዚያም «አያ፣ ኮዱ በእርስዎ ስልክ መጥቷል፤ ያንብቡልኝ» ይበል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ስልክ ሲደውል የኖረ ነውና አኃዝ ያውቃል፤ ስድስቱንም አንድ በአንድ ይጠራለታል።