ችግኝ በቁጥሩ ሳይሆን በሥሩ ይመዘን

ክረምት በመጣ ቁጥር የገጠሩ ሕዝብ ጉድጓድ ቆፍሮ ችግኝ መትከሉ የተለመደ ሥራ ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። ይህን ያህል ጉልበት ማሰባሰብ መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ የተራቆተ ተራራ ደን የሚለብሰው በተተከለው ሳይሆን በጸደቀው ችግኝ ነው። ችግኙ መጽደቅ አለመጽደቁን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ በችግኝ ጣቢያ ያሳለፋቸው ወራት ናቸው። ስለሆነም የገበሬ ማኅበራት መሪዎች የችግኝ ጣቢያውን ሥራ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ ነው ብለው ሊተዉት አይገባም።

ጉዳቱን በሒሳብ ማየት ይቻላል። ችግኝ በሁለት ሜትር ርቀት ሲተከል አንድ ሄክታር 2,500 ጉድጓድ ይፈልጋል። ከዚህ ውስጥ ግማሹ ቢደርቅ 1,250 ጉድጓድ በከንቱ ተቆፈረ ማለት ነው። የከሰረው ጉልበት ብቻ አይደለም። ቦታው እንዲከለል ሲባል ገበሬው የከብቱን ግጦሽ ትቷል። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ እዚያ ቦታ ላይ ዛፍ ካላየ በሚቀጥለው ጊዜ መሬቱን እንዲከልል ቢጠየቅ በጄ አይልም። በ1983 ዓ.ም. በሥርዓት ለውጡ ወቅት በብዙ ሕዝብ ጉልበት የለሙ ደኖች በየቦታው መጨፍጨፋቸው ይታወሳል። ሕዝቡ የእኔ ነው፣ ይጠቅመኛል ብሎ ያላመነበት ደን ጠባቂ የለውም። እምነቱ የሚመጣው ደግሞ ዛፉ ጸድቆ ሲታይ ነው።

የጥሩ ችግኝ መነሻው ዘሩ ነው። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ዋንዛና ጥቁር እንጨት የደጋውና የወይና ደጋው ነባር ዛፎች ናቸው። እነዚህ ዛፎች በብዙ ስፍራ ዛሬ ተርፈው የሚገኙት በቤተ ክርስቲያን ዐፀድና በገደላ ገደል ነው። ዘር ለቃሚው በአቅራቢያው ካገኘው ከአንድ ዛፍ ብቻ ከሰበሰበ ችግኞቹ ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ይሆናሉ፤ የዛፉ ደካማ ጎን ቢኖር ለሁሉም ይተርፋል። ስለዚህ ጤናማና ቀጥ ካሉ፣ ተራርቀው ከቆሙ ብዙ ዛፎች መልቀም ይገባል። ፍሬውም የበሰለ መሆን አለበት። የጽድ ፍሬ ወደ ጥቁር ሰማያዊ፣ የወይራም ወደ ጥቁር ሐምራዊ ሳይለወጥ ቢለቀም ድካም ብቻ ነው።

እያንዳንዱ ዘር የራሱ ጠባይ አለው። የጥቁር እንጨት ዘር ሲቆይ ቶሎ ስለሚሞት እንደ ተለቀመ መዘራት ይኖርበታል። የወይራ ዘር በጠንካራ ቅርፊት የተሸፈነ ስለሆነ ውስጡ ሳይጎዳ ጫፉ ቢሰበር ፈጥኖ ይበቅላል። የዝግባም ቅርፊት ጠንካራ ነው። ከጽድ ዘር መካከል ብዙው ባዶ ሊሆን ስለሚችል ሥጋው ታጥቦ ከተለየ በኋላ በውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ይወገዳል። የኮሶ ዘር እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ብዙ አፈር ሊጫነው አይገባም።

ችግኙ ከመደብ ወደ ፕላስቲክ ከረጢት ሲዛወር የሚፈጸም ስሕተት እስከ መጨረሻው ይከተለዋል። በከረጢቱ አፈር ላይ የሚበሳው ቀዳዳ አጭር ከሆነ ሥሩ እንደ ማጭድ ታጥፎ ይቀራል። ሥሩ የታጠፈ ችግኝ በጣቢያው ውኃ እየጠጣ ለምለም ሊመስል ይችላል፤ ተራራ ላይ በበጋ ሲፈተን ግን ውኃ ፍለጋ ወደ ታች መውረድ ስለማይችል ይደርቃል። ከረጢቱን አልፎ መሬት የያዘው ሥርም በየጊዜው መቆረጥ አለበት። ይህ ካልተደረገ በሰኔ ችግኙ ሲነሣ ዋናው ሥር ተበጥሶ ይቀራል። እንዲሁም ከተከላው በፊት ባሉት ሳምንታት የዳሱ ጥላ እየሳሳ፣ ውኃውም እየተቀነሰ ችግኙ ፀሐይና ጥም እንዲለምድ ማድረግ ያስፈልጋል። ከጥላ ወጥቶ በማግሥቱ ራቁቱን ተራራ ላይ የሚቆም ችግኝ ብዙ ዕድል የለውም።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይጠይቃል። ዋንዛ በመንፈቅ ገደማ ለተከላ ሊደርስ ሲችል ጽድ፣ ወይራና ዝግባ ግን ዓመት ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። በሚያዝያ ወይም በግንቦት ችግኝ የሚጠይቅ ማኅበር የሚያገኘው ቶሎ የደረሰውን እንጂ ለቦታው የሚስማማውን አይሆንም። ባሕር ዛፍ ገበሬው በግል መሬቱ ተክሎ ለማገዶ፣ ለቤት ሥራና ለሽያጭ የሚጠቀምበት ዛፍ ነው፤ የጠፋውን ነባር ደን ግን አይተካም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል እንደሚባለው፣ ነባሩን ደን መመለስ የሚፈልግ ማኅበር አንድ ዓመት ቀድሞ ማሰብ አለበት።

ስለዚህ የማኅበራት መሪዎች የሚከተሉትን ቢፈጽሙ ይበጃል።

አንደኛ፣ በመስከረምና በጥቅምት የሚተከልበትን ቦታ ለይተው የትኛው የዛፍ ዓይነት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለችግኝ ጣቢያውና ለግብርና ባለሙያው በጽሑፍ ያስታውቁ። ቀደም ሲል በዚያ ቦታ የነበረው ዛፍ ምን እንደ ሆነ ሽማግሌዎች ያውቃሉና ይጠየቁ።

ሁለተኛ፣ ችግኙ በጣቢያው ሳለ በበጋ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሄደው ይመልከቱ። ሥር መቆረጡን፣ አረም መነቀሉን፣ ውኃ መጠጣቱን ይጠይቁ።

ሦስተኛ፣ በርክክብ ዕለት ከየመደቡ ጥቂት ችግኞችን በዘፈቀደ አንሥተው ከረጢቱን ቀድደው ሥሩን ይመርምሩ። ግንዱ የጠነከረ፣ ሥሩ አፈሩን አቅፎ የያዘ፣ ቁመቱም ከከረጢቱ ቁመት እጥፍ ያልበለጠ ከሆነ ይረከቡ። ሥሩ የታጠፈ ወይም በከረጢቱ ውስጥ የተጠማዘዘ ከሆነ ግን አይቀበሉ። ለዚህ ምርመራ የሚሠዉት ጥቂት ችግኞች የብዙ ሰው ጉልበት ያድናሉ።

እንዲህ ከተደረገ የተተከለው ቁጥር ይቀንሳል፣ የተሰጠው ዕቅድም አይሞላም የሚል ሥጋት ይኖራል። ሥጋቱ እውነት ነው፤ ለመሪዎቹም ቀላል ጫና አይደለም። ሆኖም 1,500 ተክሎ 1,200 ያጸደቀ ማኅበር 2,500 ተክሎ 800 ካጸደቀው የበለጠ ሠርቷል። ይህን በሪፖርታቸው በግልጽ ማስፈር የመሪዎቹ ድርሻ ነው። ዕቅድ አውጪዎችም የተተከለውን ብቻ ሳይሆን በዓመቱ ቆሞ የተገኘውን ሊጠይቁ ይገባል። የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ በቁጥር ብቻ ሲጠየቅ ቁጥር ያፈራል፤ በጥራት ሲጠየቅ ጥራት ያፈራል።

ጥሩ ችግኝ ከተገኘ በኋላም ጥንቃቄው አይቋረጥም። ችግኙ በግንዱ ሳይሆን በከረጢቱ ተይዞ ይጓጓዝ፤ በተከላ ጊዜም ፕላስቲኩ ወልቆ ይወገድ። በትግራይ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው በቁጥቋጦ ጥላ ሥር የተተከለ ወይራ ሜዳ ላይ ከተተከለው ይልቅ ይተርፋል። ስለዚህ ለተከላ ተብሎ በቦታው ያለውን ቁጥቋጦ መመንጠር ጉዳት ነው። ከብት ሳይጠበቅ የገባበት ተከላም ምንም ያህል ጥሩ ችግኝ ቢኖረው አይዘልቅም።

በመጨረሻም ቆጠራው በሐምሌ አያብቃ። ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም፣ በጋው ካለፈም በኋላ በሚቀጥለው ሰኔ የቆሙት ችግኞች ይቆጠሩ፤ ውጤቱም በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ለአባላት ይነገር። ግጦሹን ትቶ፣ ጉልበቱን አፍስሶ ተራራውን የከለለው ገበሬ ስንቱ እንደ ጸደቀ የማወቅ መብት አለው።