«ሙቀት ይችላል» ማለት ብቻውን አይበቃም

ሾላ ገበያ ምጣድ የምትገዛ ሴት በጣቷ አንኳኩታ ድምፁን ሳትሰማ ገንዘቧን አትሰጥም። እኛ ግን የምድጃ ጡብና የኤሌክትሪክ ምጣድ የሙቀት መከላከያ ከውጭ አገር ስናስመጣ፣ በዕቃው መግለጫ ላይ «ሙቀት ይችላል» የሚል ቃል ካየን እንረካለን። ይህ ልማድ ሊቀር ይገባል።

ሙቀትን መቻል አንድ ጠባይ ብቻ አይደለም። ሳይቀልጡና ሳይለወጡ መቆየት አንድ ነው፤ ሙቀትን አለማሳለፍ ሌላ ነው፤ እየጋሉና እየቀዘቀዙ ሲመላለሱ አለመሰንጠቅም ሌላ ነው። አንዱን ያሟላ ዕቃ ሁሉንም አሟላ ማለት አይደለም።

ለዚህ የአውሮፕላን ሞተር ምስክር ይሆነናል። የሞተሩን ትኩስ ብረቶች ለመጠበቅ በኢትሪየም የተጠናከረ ዚርኮኒያ የሚባል ሴራሚክ በስሱ ይለበጥባቸዋል። እርሱ ግን ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ብዙ ሲቆይ ጠባዩ ይለወጣል። ስለዚህ ሊቃውንቱ ብርቅዬ ከሚባሉት የምድር ማዕድናት አንዱን፣ ጋዶሊኒየምን፣ ከዚርኮኒየም ጋር አዋሕደው ጋዶሊኒየም ዚርኮኔትን ሠሩ። ይህኛው እስከ 1,500 ዲግሪ ገደማ ይጸናል፤ ሙቀትም በጥቂቱ ብቻ ያሳልፋል። ነገር ግን በቀላሉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ዚርኮኒያውን ከሥር፣ ዚርኮኔቱን ከላይ አድርጎ መደረብ ተለመደ። በዚርኮኒየም ፈንታ ለብየዳ የምናውቀው ቲን የሚገባበት ስታኔትም የራሱ ጉድለት አለበት፤ እጅግ ሲግል ቲኑ እየተነነ ይጎድላል።

ሊቃውንት የደከሙበት ነገር ሁሉን የማይችል ከሆነ፣ ያለ አንዳች ቁጥር «ሙቀት ይችላል» ብሎ የሚጽፍ የጡብ አምራች እንዴት ይታመናል?

ጉዳቱ የሚያርፈው በየካና በእንጦጦ ግርጌ ባሉ ማድ ቤቶች ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3 ኪሎዋት በላይ ኃይል ይወስዳል። ከሥሩ ያለው መከላከያ ደካማ ሲሆን ሙቀቱ በከንቱ ይባክናል፤ ሂሳቡም ይበዛል። ያቃተው ቤተሰብ ወደ ማገዶ ይመለሳል፤ ማገዶ ደግሞ ለብዙ ዘመን ከእንጦጦ በሴቶች ጀርባ የወረደ ሸክም ነው።

ስለዚህ አስመጪዎች ከአምራቹ ሦስት ቁጥር ይጠይቁ፦ ሳያቋርጥ የሚሠራበትን ከፍተኛ ሙቀት፣ ሙቀት የማሳለፍ መጠኑን፣ ሳይሰነጠቅ ስንት ጊዜ ሞቆ እንደሚቀዘቅዝ። ባለ ሱቆችም ይህን ለገዢው ያሳዩ። ቡናችንን የሚገዙ የውጭ አገር ነጋዴዎች ደረጃውንና እርጥበቱን በቁጥር ሳያውቁ እንደማይቀበሉን ላኪዎቻችን ያውቃሉ።

ይህ ዋጋ ያስወድዳል የሚሉ አይጠፉም። የተመለሰ ዕቃና የራቀ ደንበኛ ግን ይበልጥ ያስከፍላሉ። በማዘዣ ደብዳቤ ላይ ሦስት መስመር መጨመርም፣ በዚሁ ሥራ የምኖር ጸሐፊ እንደ መሆኔ እመሰክራለሁ፣ ከባድ ሥራ አይደለም።