ሰምና ወርቅ ለመሣሪያ አይሆንም

«ውሃን ከጥሩ ነገርን ከሥሩ» ነውና ከሥሩ ልጀምር። ቀን የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ማታ ግጥም እሞክራለሁ። ማታ የምሻው ሁለት ትርጉም ያዘለ ቃል ነው፤ ቀን ግን እንዲህ ያለው ቃል ሰው ይጎዳል። ይህን የተማርሁት በአንዲት እናት የቤት ኪራይ ነው።

በ2017 ዓ.ም. እኚህ እናት ኪራያቸው የካቲት 25 እንዲከፈልላቸው አዘዙኝ። ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መልሼ 04/03/2025 ብዬ አስገባሁ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው «ቀን» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር። ሶፍትዌሩ ግን ወርን የሚያስቀድም ኖሮ ሦስተኛውን ወር አራተኛ አደረገው፤ ክፍያው ለመጋቢት 25 ተቀጠረ። አከራዩ በራቸውን ሲያንኳኳ እኚያ እናት ወደ እኔ መጡ። ይቅርታ ጠይቄ አስተካከልሁ።

እኔ ሰው ነኝ፤ የሚያዝን ፊት አይቼ ስሕተቴን ደረስሁበት። ዛሬ ግን ያንን ሳጥን እንዲሞላ የሚታሰበው ሌላ ነው፤ «ኤጀንት» የሚሉት፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ወኪል። በ2024 እ.ኤ.አ. አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ «ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል» የሚል ደንብ ይፋ አደረገ። በዚህ ደንብ እያንዳንዱ የሶፍትዌር መሣሪያ ለወኪሉ ስሙን፣ መግለጫውንና የሚቀበለውን ግብዓት ያቀርባል። ወኪሉ ስለ መሣሪያው የሚያውቀው በአብዛኛው ይህንኑ የተጻፈለትን ነው። አጠገቡ ተቀምጦ «ወርን አስቀድም» የሚለው የሥራ ባልደረባ የለውም።

«ማሽኑ ብልህ ነው፤ ራሱ ይደርስበታል» የሚሉ አሉ። አልስማማም! መገመት ማወቅ አይደለም። አንድ መሣሪያ «ገንዘብ ይልካል» ተብሎ ብቻ ቢገለጽና መልሱ ሳይመጣ መስመሩ ቢቋረጥ ወኪሉ ምን ያድርግ? ደግሞ ቢልክ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ይወጣል ወይስ አይወጣም? መጠኑ የሚጻፈው በብር ነው ወይስ በሳንቲም? የተላከው ሊመለስ ይችላል? ያ ደንብ በ2025 እ.ኤ.አ. ሲታደስ አንድ መሣሪያ ነገር የሚያጠፋ መሆን አለመሆኑን፣ ቢደጋገምም ውጤቱ ያው መሆኑን የሚያመለክቱ ምልክቶች ተጨምረውበታል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ባዶ ቦታ ራሱን አይሞላም። የሚሞላው መሣሪያውን የሠራው ሰው ነው።

መጻፉም ብቻውን አይበቃም፤ የተጻፈው እውነት መሆን አለበት። በ1999 እ.ኤ.አ. የናሳ «ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር» መንኮራኩር ማርስ ደርሳ የጠፋችው፣ ስምምነቱ ልኩ በኒውተን ይሁን ሲል አንደኛው ሶፍትዌር በፓውንድ በማስላቱ ነበር። ጽሑፉ ሌላ፣ ሥራው ሌላ! እንዲህ ያለው መግለጫ ከዝምታ ይከፋል፤ አንባቢው ተማምኖበት ይሄዳልና።

«ብዙ ማብራሪያ ወኪሉን ያጨናንቀዋል» የሚለው ክርክር ግን ሚዛን ይደፋል። የወኪሉ ማስታወሻ ልክ አለው፤ ትርፍ ቃል ቦታ ይሻማዋል። ይሁን እንጂ ማጠር ማድበስበስ አይደለም። «ቀን፦ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ዓመት-ወር-ዕለት፤ ምሳሌ 2025-03-04» የሚለው አንድ መስመር ነው። ያ አንድ መስመር ቢኖር የዚያች እናት በር አይንኳኳም ነበር።

ወቀሳው እኛንም፣ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆችን፣ ይነካል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ከጽሑፍ አንቆጥረውም። ለስንኝ አንዲት ቃል ፍለጋ ሌሊቱን የምናነጋ ሰዎች፣ የሰው ጉሮሮ የተንጠለጠለበትን ዐረፍተ ነገር «የቴክኒክ ነገር» ብለን እናልፈዋለን። ቃልን መመዘን የምናውቅ እኛ ከናቅነው ማን ያክብረው?

ሰምና ወርቅ የቅኔ ክብር ነው፤ ሰሙን ገልጦ ወርቁን የሚፈልግ አንባቢ አለውና። የመሣሪያ መግለጫ ግን ሰሙም ወርቁም አንድ ይሁን። ሶፍትዌር የምትሠሩ ወገኖቼ፣ «ቀን» ብላችሁ አትተዉት፤ የማን አቆጣጠር እንደሆነ፣ የቱ እንደሚቀድም ጻፉ። እኔ ማታ ማታ የፈለግሁትን ያህል እሰውራለሁ፤ እናንተ ግን አትሰውሩ።