የዝንብ ጠንጋራ

ብልጥነቱ ልክ ላጣ ሰው «የዝንብ ጠንጋራ ያውቃል» እንላለን። ስንለው እንስቃለን፤ ግን ስንቶቻችን ነን የዝንብን ዓይን ቀረብ ብለን ያየን? ዝንብ እኮ ጠንጋራ መሆን አትችልም። እያንዳንዱ ዓይኗ በሺዎች ከሚቆጠሩ ጥቃቅን ሌንሶች የተሠራ ነው፤ ከጭንቅላቷ ጋር ስለተጣበቀ እንደኛ ዓይን አይንከባለልም። ጠንጋራ ከፈለጋችሁ ሸረሪት ጋ ሂዱ። እሷም ድር ዘርግታ የምትጠብቀዋ ሳትሆን ግድግዳና መስኮት ላይ እየዘለለች የምታድነዋ ናት፤ መጠኗ የትንሿን ጣታችሁን ጥፍር እንኳ አይሞላም። ስምንት ዓይን አላት። ከፊት ያሉት ሁለቱ ትልልቆች ከኋላቸው ረጃጅም ቱቦ አላቸው። ሌንሱ ባለበት ቆሞ የቱቦው ጫፍ ውስጥ ውስጡን ግራና ቀኝ ይሄዳል። ጠጋ ብላችሁ ብታዩአት የአንዳንዶቹ የዓይን ቀለም ከጥቁር ወደ ቡናማ ሲቀያየር ታያላችሁ። ምን እየሠራች ነው? እናንተን እያየች ነዋ።

ይህን ያወቅሁት በረንዳዬ ላይ፣ ገልብጬ በገጠምኩት ርካሽ ሌንስ ነው። ይህን ጽሑፍ ግን የምጽፈው ለጠብ ነው። የምጣላውም «ዕቃ የለኝም» ከሚለው ሰበብ፣ ሰበቡን ከሚሸጡልን ሰዎችና «ይሄ ደሞ ምን ይሠራል» ከሚለው ንቀት ጋር ነው።

ከሰበቡ ልጀምር። ከዓመታት በፊት አሮጌ ካሜራዬን ይዤ አንድ ሱቅ ገባሁ። ካሜራው ላይ ያለው ሲገዛ አብሮት የመጣው፣ ሁላችንም የምናውቀው 18-55 ሚሊሜትር ሌንስ ነው። ሌንስ ገልብጦ የሚገጥም ቀለበት እንዳለው ጠየቅሁት። ሻጩ ሳቀ። «ወንድሜ፣ ማክሮ ከፈለግህ ባለ መቶውን ግዛ። ካልሆነ ተወው።» የባለ መቶው ዋጋ የብዙ ወር ደመወዜ ነበር፤ ስለዚህ ተውኩት። ለሁለት ዓመት! ሁለት ክረምት፣ ሁለት መስከረም፣ አደይ አበባ ላይ የሚያርፈው ነፍሳት ሁሉ ሳላየው አለፈኝ። ያበሳጨኝ ሳቁ አልነበረም፤ እኔ ማመኔ ነው።

ውሸት ስለነበር። ተራ ሌንስ ትልቁን ዓለም አሳንሶ ካሜራው ውስጥ ያለችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ያሳርፋል። ብትገለብጡት ሥራውም ይገለበጣል፤ ትንሹን ያተልቃል። በቃ፣ ምሥጢሩ ይሄው ነው። ደግሞ 18 ላይ ስታደርጉት 55 ላይ ከሚያጎላው የበለጠ ያጎላል፤ ሰው የሚጠብቀው ተቃራኒውን ነው። ቀለበቱ አንድ ቁራጭ ብረት ነው፤ ውስጡ መስተዋት የለበትም።

ችግር የለውም አልልም። ሌንሱ ሲገለበጥ ከካሜራው ጋር ስለማይነጋገር የብርሃን ቀዳዳውን ማዘዝ አትችሉም። መላ ግን አለው። የቆየ ካኖን ከሆነ ሌንሱ በደንቡ ተገጥሞ ሳለ ቀዳዳውን ኤፍ 8 ላይ አድርጉ፤ ከሌንሱ አጠገብ ያለችውን የጥልቀት ማሳያ ቁልፍ ተጫኑ፤ ጣታችሁን ሳታነሱ ሌንሱን ንቀሉት። ቀዳዳው እንደጠበበ ይቀራል። የቆየ የኒኮን ሌንስ ከሆነ ደግሞ ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ዘንግ በታጠፈ ወረቀት ደገፍ ማድረግ ነው።

ካሜራስ የሌለው? ስልክ አለ። ግን እዚህም የሚሸጥልን ማታለያ አለ፤ ርካሽ ስልኮች ጀርባ ላይ የምትለጠፈዋ ባለ 2 ሜጋፒክስል «ማክሮ ካሜራ»። የካሜራ ቁጥር ለማብዛት የገባች ጌጥ ናት፤ እርሷት። ዋናውን ካሜራ ተጠቀሙና ፊቱ ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ ማጉያ ሌንስ ጨምሩበት። እሱም ካልተገኘ ከሞተ የዲቪዲ ማጫወቻ ውስጥ የምትወጣዋ ሌንስ አለች፤ ምስር ታክላለች። ሌንስ የሚለው ቃል ራሱ በላቲን ምስር ማለት ነው። በፕላስተር ስልኩ ላይ ለጥፏትና ዕጣን የምታህል ጉንዳን ፊት አቅርቧት፤ ከዚያ እንነጋገር።

ማክሮን የሚያከብደው ሌላ ነገር ነው። ይህን ያህል ስትጠጉ ጥርት ብሎ የሚታየው ክፍል ከአንድ ሚሊሜትር ያንሳል፤ ዓይኗ ሲጠራ እግሯ ይደበዝዛል። ለዚህ ነው ቀዳዳውን የምታጠቡት፤ ከልክ በላይ ካጠበባችሁት ግን ብርሃኑ ራሱ ይበታተንና ሁሉም ይፈዛል። ቀዳዳው ሲጠብ ይጨልማል፤ ስለዚህ ፍላሽ ያስፈልጋል። ፍላሹ ደግሞ በቀጥታ ሲመታ ሸረሪቷን እንደ ዘይት ያብለጨልጫታል። መፍትሔው ነጭ ወረቀት ወይም ከዕቃ ማሸጊያ የተረፈ ስስ ነጭ ፎም ነው፤ ፍላሹና ሸረሪቷ መሃል አድርጉት። እኔ ከሌንስ ይልቅ የተሻለ ፎቶ የሰጠኝ ወረቀት ነው። ማለዳ መነሣትም አለ። ነፍሳት እንደኛ የራሳቸውን ሙቀት ስለማይጠብቁ አዲስ አበባ ውርጭ በሚያድርባት ጠዋት ፀሐይ እስክትነካቸው ድረስ ከቅጠሉ ንቅንቅ አይሉም። ማንቂያ ደወል ደግሞ ሁላችንም አለን።

ፍትሐዊ ልሁን፤ ውዱ ሌንስ ከንቱ አይደለም። ዋናው ጥቅሙ ርቀት ነው፤ ቢራቢሮን ሳታስደነግጡ ታነሳላችሁ። በተገለበጠ ሌንስ ግን ጥቂት ሳንቲሜትር ድረስ መጠጋት አለባችሁ፤ ቢራቢሮዋ ደግሞ አትጠብቃችሁም። ግን አሜሪካዊው ቶማስ ሻሃን የዘላይ ሸረሪቶችን ፊት ለዓለም ያሳየው ገልብጦ በገጠማቸው አሮጌ ሌንሶች ነው። ከሱ በፊትም አንቶኒ ቫን ሊውዌንሁክ የሚባል የዴልፍት ከተማ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ መርካቶ ቢሆን ጣቃ ሲዘረጋ የምናገኘው ዓይነት ሰው። በገዛ እጁ በሠራት ጥቃቅን ሌንስ አይቶ ዛሬ ባክቴሪያ ስለምንላቸው ፍጥረታት በ1676 እ.ኤ.አ. ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጻፈ። ማንም «ባለ መቶው የለህም» አላለውም።

ሁለተኛው ጠቤ ከራሳችን ሰፈር ነው። ነፍሳቷን ፍሪጅ ከትቶ አደንዝዞ፣ አንዳንዴም በሙጫ አጣብቆ፣ «የዱር ሕይወት» ብሎ የሚለጥፍ አለ። ሌቨን ቢስ የሚባለው እንግሊዛዊ የሞቱ ነፍሳትን በሺዎች ፎቶ እየገጣጠመ ያነሳል፤ ግን የኦክስፎርድ ሙዚየም ናሙናዎች መሆናቸውን በግልጽ ተናግሮ ነው። ሬሳን ሬሳ ማለት ነውር የለውም። ሬሳን «እያየችኝ ነው» ማለት ግን ውሸት ነው፤ ላይክ ብታገኙበትም።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። «ሀገር እንዲህ ሆና አንተ ጉንዳን ታነሳለህ?» ይሉኛል። በትክክል የሚያምም ጥያቄ ስለሆነ አልስቅበትም። መልሴ ይኸው። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ሲመጣ ያየነው ደመና ነበር፤ ፎቶዎቹም የደመና ነበሩ። ለብቻው ሲኖር ግራጫማ ቡናማ የሆነው አንበጣ መንጋ ሲሆን መጀመሪያ ሮዝ፣ ለመራባት ሲደርስ ደግሞ ቢጫ እንደሚሆን ስንቶቻችን አየን? ከዚያ ቀድሞ በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች በቆሎ ላይ ገባ። ከነባሩ ተምች የሚለየው በሁለት ምልክት ነው፤ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ «ዋይ» የሚመስል ነጭ መስመር፣ ጭራው አካባቢ ካሬ የሠሩ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች። በባዶ ዓይን የሚያደናግር ነገር ስልክ ላይ በተለጠፈች ምስር ግልጽ ይሆናል። አባቱ ገበሬ የሆነ፣ ለክረምት ቤተሰብ ጋ የሚገባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በአምስት ደቂቃ አንስቶ ለልማት ሠራተኛው ሊልከው ይችላል። ይሄ ቅንጦት ነው?

ስም የማጣት ጉዳይም አለ። ከላይ «ዘላይ ሸረሪት» ያልኩት ሌላ ስም ስላጣሁ ነው። እኛ የከተማ ልጆች የሚበርረውን ሁሉ ዝንብ፣ የሚሳበውን ሁሉ ትል እንላለን። አያቶቻችን ግን ከብት ሲጠብቁ ያደጉ ናቸው፤ እኛ ያልጠየቅናቸው ስም ይኖራቸዋል። ስለዚህ ፎቶውን ስትለጥፉ «ዋው» ብቻ አትጻፉ። የት፣ መቼ፣ የትኛው ተክል ላይ እንዳገኛችሁት ጻፉ። ከዚያ ስልኩን ለእማማ አሳዩና «ይቺን እናንተ ጋ ምን ትሏታላችሁ?» በሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልን አድገን ድሩ የሸማኔው ይሁን የሸረሪቷ እንኳ ተከራክረን አናውቅም።

ባለፈው ወደዚያ ሱቅ ተመለስኩ። ባትሪ ልገዛ ነበር። ሻጩ አላስታወሰኝም። ስልኬ ላይ ያለውን የሸረሪት ፎቶ አሳየሁት፤ አራት ዓይኖቿ ፊት ለፊት አፍጥጠዋል፣ አፏ አካባቢ ያለው ነጭ ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ዝም ብሎ አየ። ሌንሱን ይጠይቀኛል ብዬ ነበር።

«ይቺ የየት ሀገር ናት?» አለኝ።

«ያንተ ናት» አልኩት። «ቅድም ስገባ መስኮትህ ላይ ያነሳኋት ነች።»